የሁለት ደቂቃ ልዩነት

ወተት ሲበላሽ እንዴት እንደሚሸት የወተት ፋብሪካ ውስጥ ያልሠራ ሰው አያውቀውም። ቤት ውስጥ አንድ ኩባያ ቢበላሽ ይደፋል፣ ኩባያው ይታጠባል፣ አለቀ። ፋብሪካ ውስጥ ግን ሽታው ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ጫማ ሥር ይጣበቃል፣ ተከትሎ ቤት ይመጣል። ሲታጠቡ ይሄዳል፣ ሲደርቁ ይመለሳል። የሚያቅለሸልሽ ነገር ነው። የፍቅር ታሪክ እንዲህ ተብሎ ይጀመራል ወይ ብሎ ቅር የሚለው አንባቢ ካለ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ የዛሬው ክፍል ግን ሌላ ሽታ የለውም።

ታሪኩን ከዚህ ለምትጀምሩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቁልፌ የዚሁ ፋብሪካ ልጅ ናት። እናቷ በኋላ በር በኩል ባለው የዕቃ ማጠቢያ ክፍል፣ የጎማ ቦት ተጫምታ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የወተት ማመላለሻ ስታጥብ ኖራለች። ልጅቷ ግን ተምራ በፊት በር ገባች፤ ዳታቤዝ አስተዳዳሪ ሆነች። ፋብሪካው የሚያውቀው ነገር ሁሉ፣ ከማን ስንት ሊትር መጣ፣ የትኛው ታንክ መቼ ታጠበ፣ ወተቱ ተመርምሮ አለፈ ወይስ አላለፈም፣ ኮምፒውተር ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ መዝገብ ይቀመጣል። መዝገቡን ማን ማየት፣ ማን መጻፍ፣ ማን ማረም እንደሚችል የምትወስነው እሷ ናት። ሥራ በጀመረችበት ሳምንት “ቁልፉ እኔ ጋ ነው” ስትል የሰሙ ሠራተኞች ቁልፌ አሏት፣ በዚያው ቀረ።

የምትወደው ትንሹ ጋሼን ነው። የፋብሪካው ባለቤት የትልቁ ጋሼ አንድ ልጅ፣ የምርት ክፍል ኃላፊ፣ ረጅም፣ ጥርሱ የሚያምር፣ ሽታው እንዳይዘው በየሰዓቱ እጁን በሎሚ ሽታ ባለው እርጥብ ሶፍት የሚጠራርግ። እሱም ይወዳታል። እናቱ ግን ለልጃቸው የከብት መኖ አከፋፋዩን ሴት ልጅ ነው የሚያስቡለት፤ የዕቃ አጣቢዋን ልጅ በር ላይ እንኳ አያስቆሟትም። ስልክ ደግሞ ወሬ ያወጣል። ስለዚህ ከሰባት ወር በፊት አንድ ቀን፣ ከወንበሯ ጀርባ ቆሞ፣ አገጩ ትከሻዋን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው፣ “እኔስ እዚህ ውስጥ መጻፍ አልችልም?” አላት።

ለመሞከሪያ ተብሎ የተተወ አንድ ባዶ ሠንጠረዥ ነበራት። ‘ሙከራ’ የሚባል አካውንት ከፈተችለት። እዚያች ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻ እንዲጽፍ ልትፈቅድለት ብትሞክር ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ደገመች፣ አሁንም እምቢ። እሱ አንገቷ ሥር ይስቃል። እሷም መሳቅ ጀመረች፣ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት፣ “ለዛሬ” ብላ የፋብሪካውን መዝገብ በሙሉ ከፈተችለት። ነገ ፈቃዱን አጠብበዋለሁ አለች። በዚህ ሙያ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ለዛሬ ብሎ ከፍቶ የረሳው በር አለው፤ አብዛኛው ግን ለፍቅረኛው አይደለም የከፈተው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አንዲት አዲስ ረድፍ ትጠብቃት ጀመር፤ ደብዳቤ። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ “የጻፍኩት ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ መቀየር ብፈልግ እንዴት ነው የማደርገው?” ብሎ ጠየቃት። አስተማረችው። እጁን ይዛ፣ ፊደል በፊደል።

እንግዲህ ወደ ረቡዕ ጠዋት እንምጣ።

ፋብሪካው በዚያ ሳምንት ዳታቤዙን ከግቢው አውጥቶ ክላውድ ወደሚሉት፣ ሩቅ ያለ ኩባንያ ወደሚያከራየው ቦታ እያዛወረ ነበር። ያ ሲያጓራ የሚውል የሰርቨር ክፍሏ ግማሹ ተነቃቅሏል፤ ገመዱ መሬት ላይ ተጎልጉሏል፣ የሦስት ዓመት አቧራ እየቦነነ ነው። የአስተዳደር ኃላፊው በሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ “ከእንግዲህ ባካፑንም፣ ጥገናውንም፣ ምኑንም ራሱ ይሠራዋል አሉ። አንቺ ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው? ሹራብ?” አላት።

“የተጻፈው ሳይነካ መቀመጡን ልጠብቃ።”

“እሱንማ ማን ይጠይቅሻል!” አለና እየሳቀ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር እሷንም አሳስቧት ነበር። ድሮ ሥራዋ ማሽኑን ማባበል ነው፤ ሲሞላ ማስለቀቅ፣ ሲደክም ማስነሳት፣ ቅጂ መያዝ። አሁን ማሽኑ ራሱን ያባብላል፤ ለሰው የቀረው ማን ምን ነካ፣ ማን ምን ለወጠ ብሎ መከታተል ነው። ይህን ደግሞ የፋብሪካው ሰው ሥራ ብሎ አይቆጥረውም። ሰው ሲከታተሉት ማን ይወዳል?

እሑድ ዕለት መዝገቡ እንዳለ ወደ አዲሱ ቦታ ተገልብጧል። ረቡዕ የቀራት ማመሳከር ነበር። የግቢውን መዝገብና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋ ረድፍ በረድፍ ታስተያያለች። ከእሑድ ወዲህ የመጣ ወተት አዲስ ረድፍ ይዞ ይመጣል፣ ያ ያለ ነው። አሮጌው ረድፍ ግን አይነቃነቅም፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት የተመረመረ ወተት ዛሬ ተነስቶ ሐሳቡን አይለውጥም። ይሄን ማመሳከር ማንም አላዘዛትም፤ ብዙዎች ጠቅላላ ብዛቱን ቆጥረው ያልፉታል። እሷ ግን ያለዚህ እንቅልፍ አይወስዳትም።

አራት መቶ ሺህ ከምናምን ረድፍ አንድ ሆኖ ወጣ። አንዱ አልሆነም።

“ወይኔ፣ አበላሸሁት” አለች ለራሷ። መጀመሪያ የመጣላት ሲገለበጥ ተሳስቶ ይሆናል የሚለው ነው። ረድፉን ከፈተችው። ታንክ ሰባት። የምርመራ ውጤት። እሑድ በተገለበጠው ላይ “አላለፈም” ይላል። ዛሬ በግቢው መዝገብ ላይ “አለፈ” ይላል።

ታንክ ሰባትን በዚያ ፋብሪካ የማያውቀው የለም። ከሦስት ሳምንት በፊት የታንክ ሰባትን ወተት የጠጡ ሠላሳ አንድ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ሆስፒታል ገብተዋል። ሠላሳው ወጥተዋል። አንዷ አራት ዓመት የሆናት ልጅ አሁንም እዚያው ናት። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ከልጆቹ የተረፈውን ወተት አስመርምረው የተበላሸ መሆኑን አረጋግጠዋል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ለፋብሪካው ደብዳቤ ጽፈው፣ “ስታወጡት ምን ይል ነበር?” ብለው የምርመራውን ውጤት ጠየቁ። ማክሰኞ ከመዝገቡ ታትሞ ተሰጣቸው። አለፈ ይላል። እንግዲያው የተበላሸ ወተት ያሳለፈችው መርማሪዋ ናት ተባለ።

ቁልፌ የለውጦቹን መዝገብ ከፈተች። ዳታቤዙ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ለራሱ የሚይዘው ማስታወሻ ነው። ሰኞ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ከአሥራ አራት። የአካውንቱ ስም፣ ሙከራ።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ቀጥሎ ያለውን መስመር ሳታስበው አየች። ሰኞ፣ አራት ሰዓት ከአሥራ ስድስት። ሙከራ። ያ የሰኞው ደብዳቤዋ ነው፤ ኩሬ ስትዘል ስላያት የጻፈላት። ሰኞ ዕለት አራት ጊዜ አንብባዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው አለመኖሩን አይታ ስክሪኑን ስማዋለች።

በዚያው እጅ፣ በዚያው ወንበር፣ በሁለት ደቂቃ ልዩነት። አጠገቧ የነበረውን የገመድ ካርቶን ባዶ አደረገችና አፏን ይዛ ጎንበስ አለች፤ ምንም አልወጣም። ቢወጣ ይሻላት ነበር።

ያን ረቡዕ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ጠብታ ጥፋታቸውን አምነው ሊፈርሙ ነበር። እትዬ ጠብታ የላብራቶሪው መርማሪ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወተትን በጠብታ ሲያናግሩ የኖሩ ሴት። ቁልፌ ላብራቶሪ ስትገባ ብልቃጥ እያጠቡ አገኘቻቸው። የታጠበውን ያጥባሉ።

“እትዬ፣ ያን ዕለት ታንክ ሰባትን ምን ነበር ያሉት?”

“ልጄ፣ ተይኝ በናትሽ።”

“አይ፣ ይንገሩኝ።”

ብልቃጡን አስቀመጡት። “አላለፈም ያልኩ ይመስለኛል። ሽታውም አፍንጫዬ ላይ አለ፣ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ለትንሹ ጋሼም በስልክ ነገርኳቸው መሰለኝ። መዝገቡ ግን አለፈ ይላል፤ አየሁት፣ በዓይኔ አሳዩኝ።” እጃቸውን ገልብጠው አዩት። “አርጅቻለሁ ማለት ነው። እጄ ሌላ ሲጽፍ ጭንቅላቴ ሌላ ያስባል ማለት ነው። የዚያች ሕፃን እናት ብትመጣ ምን እላታለሁ?”

“ደብተር አልያዙም?”

“አንቺው አይደለሽ ደብተሩን ያስተውሽኝ? ‘እትዬ፣ ወረቀት ይጠፋል፣ ይሄ ግን አይረሳም’ አልሽኝ። እውነትሽን ነው። እኔ ረሳሁ እንጂ እሱ አልረሳም።”

ይህን ያሉት ሊወቅሷት አይደለም። አምነዋት ነው። ቁልፌ ከዚያ ክፍል እንዴት እንደወጣች አታስታውስም፤ ብቻ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ገና ትንሽ ተስፋ ነበራት። ሌላ ሰው ይሆናል። ፓስወርዱን የሰረቀ ይኖራል። የወደደች ሴት ምን የማትለው አለ?

ትንሹ ጋሼ ቢሮው ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ፣ ተነስቶ በሩን ከኋላዋ ዘጋው። “ሆዴ! በጠራራ ፀሐይ! ሰው ቢያየንስ?”

“ታንክ ሰባት” አለችው።

ፊቱ ላይ ብርሃኑ እንዳለ ቀረ፤ ከሥሩ ግን አንድ ነገር ሄደ። “ማን ነገረሽ?” አለ።

‘ምን ሆነ ታንክ ሰባት?’ ቢላት ኖሮ እስከ ማታ ድረስ ልታምነው ዝግጁ ነበረች። እሱ ግን ማን ነገረሽ ነው ያላት።

“ማንም አልነገረኝም። ራስህ ጽፈኸው አገኘሁት። ከነሰዓቱ።”

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሶፍት መዘዘ፣ እጁን ይጠርግ ጀመር፣ ጣት በጣት። “አንዲት ቃል ናት እኮ” አለ።

“አንዲት ቃል?”

“ስሚኝማ። ያን ቀን መኪኖቹ በር ላይ ተደርድረዋል። አባቴ በስልክ ይጮህብኛል። እትዬ ጠብታ አላለፈም አሉኝ። እንደገና ቢፈላ ይድናል ብዬ አስፈላሁት፣ ሁለት ጊዜ! እና ላክሁት። ልጆች እንዲታመሙ ብዬ ነው? እኔ አውሬ ነኝ?”

“አይደለህም” አለችው። ቢሆን ይቀላት ነበር።

“ታዲያ?”

“ሰኞስ? ሰኞ በር ላይ መኪና አልነበረም።”

“ሰኞ ደብዳቤው መጣ። አባቴ ይህ ነገር ከታወቀ ፋብሪካው ይዘጋል አለ። ሦስት መቶ ሰው ሜዳ ላይ ሊወድቅ ነው፤ እናትሽን ጨምሮ። ሦስት መቶ ሰው ከሚጎዳ አንድ ሰው ይጎዳ አልኩ። እሳቸውም ቢሆኑ ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው፤ ቀድመው ያርፋሉ። እኔ እኮ እንደ እናቴ ነው የማያቸው።”

“እናትህ ብትሆን በስሟ ትጽፍ ነበር?”

ተነስቶ አጠገቧ መጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “የኔ ዓለም፣ አሁን ዝውውር ላይ አይደለሽ? ቤት ሲቀየር ዕቃ ይሰበራል፣ ያለ ነው። አዲሱን ከዛሬው ጋር አስተካክዪውና የድሮውን ማሽን አጥፊው። ከዚያ በኋላ ማን ያውቃል?”

“እኔ።”

“አንቺማ የኔ ነሽ” አለ።

ይህን ቃል ሰባት ወር ሙሉ ስትሰማው ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ግን ቀፈፋት። ቆዳዋ ላይ አንድ የሚሄድ ነገር ያለ መሰላትና ክንዷን አሻሸች።

“ደግሞም አስቢበት” ቀጠለ፣ ያንኑ ለስላሳ ድምፅ ሳይቀይር። “አካውንቱ ላይ የኔ ስም የለም። ማን ፈጠረው ቢባል የሚመጣው ያንቺ ስም ነው። እኔ አንቺን እንዲነኩብኝ አልፈልግም።”

ለአፍታ ያህል ስለ እሷ የተጨነቀ መስሏት ነበር። ከዚያ ነው የገባት። ማስፈራራት ነው፤ ‘ሳላይሽ ዋልኩ፣ ከፋኝ’ በሚላት ድምፅ ነው የሚያስፈራራት። ከሁሉም የሚያስጠላው ደግሞ ማስፈራራቱን ራሱ አለማወቁ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ይወዳታል። በዚህ ሁሉ መሐል፣ እንዲህም ሆኖ፣ ይወዳታል።

እጇን ያዘ። እጁ ንጹሕ ነው፣ ሎሚ ሎሚ ይላል። “እንደጻፍኩልሽ እሑድ እናቴ ትጠብቅሻለች። ስላንቺ ነግሬያታለሁ። እሺ ብላለች፣ ገባሽ? እሺ አለች!”

ሰባት ወር የጠበቀችው ቃል ይኸው ነበር። ይህን ሰዓት በየሌሊቱ አልማዋለች፤ ምን እንደምትለብስ፣ ምን ብላ ሰላም እንደምትላቸው። ሕልሟ እጁ ውስጥ ሆኖ እያየችው አንገሸገሻት።

“ትንሹ ጋሼ፣ እጄን ይልቀቁኝ” አለችው።

“ይልቀቁኝ?” ድምፁ ተሰበረ። “አንቺ፣ እኔ ነኝ እኮ!”

“አውቃለሁ። ይልቀቁኝ።”

ከቢሮው ወጥታ የሠራተኞች መታጠቢያ ጋ ስትደርስ እጇን በሳሙና ፈተገችው። የሎሚው ሽታ አልሄደም። ደግማ ፈተገችው። ቆዳዋ ቀላ፣ ሽታው ግን እዚያው ነው፤ እሷም ሽታውን ሳይሆን ሰባቱን ወር ልታጥበው እንደሆነ ገብቷት ቧንቧውን እንደከፈተችው ግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

እናቷ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል እንፋሎት ውስጥ ቆማለች። ልጇን ስታይ ቱቦውን ዘጋች። “ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽ እንዲህ የሆነው?”

“እማዬ፣ አንድ ነገር ላደርግ ነው። ሥራዬን አጣለሁ። ምናልባት አንቺም ታጪያለሽ።”

“ትንሹ ጋሼ ነው?”

ቁልፌ ክው አለች። “ምን?”

“ከሰባት ወር በፊት ጀምረሽ ሥራ ስትሄጂ ከንፈርሽን ትቀቢያለሽ። ለኮምፒውተሩ ነው እንዳልል ኮምፒውተሩ ሦስት ዓመቱ ነው። እናትሽ ዕውር መሰለችሽ?”

ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ እስከ መጨረሻው አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ ጓንቷን አወለቀችና፣ “አንቺን የወለድኩ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ የኔን ፈረቃ የሸፈኑልኝ ማን ይመስሉሻል? እትዬ ጠብታ ናቸው። ላብራቶሪያቸውን ጨርሰው መጥተው ይሄን ቦት ነበር የሚያደርጉት” አለች።

“ከካደኝ ደብዳቤዎቹን ሰው ፊት ማንበብ ግድ ይሆንብኛል። ያልተባልኩት አይቀርም፣ እማዬ።”

“የብልግና ነገር አለበት?”

“የለበትም።”

“እንግዲያው ጮክ ብለሽ አንብቢ። ይሄ ማሽን ጆሮዬን ደከም አድርጎታል።”

ቁልፌ ሳቀች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የስብሰባው ክፍል ሞልቷል። ትልቁ ጋሼ ከራስጌ፣ የአስተዳደር ኃላፊው ከጎናቸው፣ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ፋይላቸውን ዘርግተው፣ ትንሹ ጋሼ ከመስኮቱ በኩል። እትዬ ጠብታ ነጭ ጋዋናቸውን አውልቀው በሹራብ ቁጭ ብለዋል፤ ያለ ጋዋን አይቷቸው የሚያውቅ ስለሌለ ትንሽ ሆነው ታዩ። እስክሪብቶው እጃቸው ላይ ነው። ቁልፌ ሳትጠራ ገብታ ኮምፒውተሯን ከግድግዳው ስክሪን ጋር አገናኘች። በሩን አልዘጋችውም፤ እናቷ ከነቦቷ እዚያ ቆማለች።

“እትዬ፣ እንዳይፈርሙ” አለች።

ሁለቱን ረድፎች ጎን ለጎን አሳየቻቸው። ይሄ እሑድ የተገለበጠው ነው፣ አላለፈም ይላል። ይሄ የዛሬው ነው፣ አለፈ ይላል። ይሄ ደግሞ ሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ቃሉን የቀየረው አካውንት። ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አድርጋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። እትዬ ጠብታ አልተነቃነቁም፤ ከንፈራቸው ብቻ አላለፈም፣ አላለፈም ይላል፣ ድምፅ ሳያወጣ።

“ሙከራ የሚባለው ማነው?” አሉ ትልቁ ጋሼ። “ይሄን አካውንት የፈጠረው ማነው?”

“እኔ ነኝ፣ ትልቁ ጋሼ። መጥበብ ያለበትን ፈቃድ ሳላጠብብ የተውኩትም እኔ ነኝ። በዚያ እጠየቃለሁ።”

“በቃ! አገኘነው!” ጠረጴዛውን መቱት። “ራሷ ከፍታ፣ ራሷ ቀይራ፣ ራሷ ልትከስ መጣች!”

“ስጠቀምበት የነበርኩት እኔ አይደለሁም።”

“ማነው ታዲያ?”

ወደ ትንሹ ጋሼ ዞረች። አልጠቆመችውም፣ ስሙንም አልጠራችም፤ አየችው ብቻ። ጊዜ ሰጠችው። ይህን ያደረገችው ለእትዬ ጠብታ ብላ አይደለም፣ እውነቱ ይነገር፤ ለራሷ ብላ ነው። አንድ ቃል ቢናገር፣ ተነስቶ ‘እኔ ነኝ’ ቢል፣ ሰባቱ ወር ሙሉ በሙሉ አይበሰብስም ነበር። እሱ ሶፍቱን እያጣጠፈ ጠረጴዛውን አየ።

“እኔ ስለዚህ ነገር የማውቀው የለም” አለ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ከበዳት። በኮምፒውተሯ ቀጣዩን መስመር ከፈተችና ስክሪኑ ላይ አጎላችው። “ይሄን የጻፈው ያው አካውንት ነው፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ። ለእኔ ነው የተጻፈው” አለች። ጉሮሮዋን ጠረገችና ለእናቷ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

“የኔ ዓለም፣ ዛሬ ጠዋት ከመስኮቴ ሆኜ ግቢውን ስትሻገሪ አየሁሽ። ኩሬዋን ለመዝለል ቀሚስሽን ሰብሰብ ስታደርጊ ሦስት ሾፌሮች ቆመው አዩሽ፤ ሦስቱንም ጠላኋቸው።”

የአስተዳደር ኃላፊው አንገቱን ደፋ። ከኮሪደሩ የአንድ ሰው የሳቅ ድምፅ ተሰማ፣ ወዲያው ቀጥ አለ።

“አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ሲያንባርቅብኝ ነበር።”

ትልቁ ጋሼ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ቀስ ብለው ነው የዞሩት። በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሲያንባርቅ የሚውል አባት ያለው፣ ግቢውን የሚያይ መስኮትም ያለው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው።

“ያስጨነቀኝን ነገር ግን አሁን፣ ከሁለት ደቂቃ በፊት፣ ጨርሼ ተገላገልኩ። ስጨርስ መጀመሪያ ያሰብኩት አንቺን ነው።”

“ይበቃል!” አሉ ትልቁ ጋሼ።

“ይቀጥል” አለች ተቆጣጣሪዋ፣ እየጻፈች።

ትንሹ ጋሼ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እትዬ ጠብታ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና፣ “ብዬ ነበር” አሉ። “አላለፈም ብዬ ነበር። እጄም ጭንቅላቴም አንድ ላይ ነበሩ።” ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ፣ እንደ ልጅ፣ አፍንጫቸውን በሹራባቸው እጅጌ እየጠረጉ። ሠላሳ ዓመታቸው ተመለሰላቸው። ቁልፌ በዚህ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ እንዲላት ጠበቀች።

አንድ መስመር ቀርቷታል። ማቆም ትችል ነበር፤ ማስረጃው ሞልቷል፣ ሰው ሁሉ ገብቶታል፣ የሚቀረው ለማንም አይጠቅምም። ግን የጀመረችውን ጨረሰች።

“እሑድ እናቴ ጋ ይዤሽ እሄዳለሁ። እስከዚያ ዓይኔ በር በሩን እያየ ይውላል። ያንቺው።”

ተጸይፋዋለች። ሎሚ የሚሸተውን እጁን፣ አንዲት ቃል ናት ያለበትን አፉን፣ አሁን እንኳ በጣቶቹ መሐል እሷን የሚፈልግ ዓይኑን ተጸይፋዋለች፣ እስከ መጨረሻው። ይህን በደንብ ታውቃለች። ግን ‘ያንቺው’ የምትለውን ቃል ስታነብ ድምፅዋ ሳትፈቅድለት ለስልሶ፣ ሰኞ ዕለት ብቻዋን ሆና እንዳነበበችው አድርጎ አነበባት። ሰው ሁሉ ሰማ። እናቷም ሰማች። ቁልፌ እዚያው ቆማ፣ ከዚያ ሁሉ የሚያስጠላ ነገር መሐል፣ የገዛ ድምፅዋን ያህል ያስጠላት አልነበረም።